ቅዳሜ ቅዳሜ የማይተዋወቁ

ቅዳሜ ጠዋት ባሌ ቀድሞ ይወጣል። ልጄ እሱ ማዕዘኑን ዞሮ እስኪጠፋ መስኮቱ ጋ ቆማ ትጠብቅና ከኋላው ትከተላለች። ድንገት አንድ ታክሲ ውስጥ ቢገናኙ አንዳቸው ወርዶ ሌላ ይጠብቃል። የሚሄዱት ወደ አንድ ሕንፃ፣ ወደ አንድ ፎቅ፣ ወደ አንድ ክፍል ነው። እኔ ሁለቱንም በየተራ ሸኝቼ ወደ ስፌት መኪናዬ ስመለስ፣ "ፈጣሪዬ፣ ከሁለቱ የባሰበት የትኛው ነው?" እል ነበር። አንድም ቀን መልስ አልመጣልኝም።

ነገሩ የጀመረው ከባሌ መሥሪያ ቤት ነው። ባሌ የባንክ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም "ባንኩ" ይለዋል። በወጣትነቱ ገንዘብ ከፋይ ሆኖ ገባ፣ ጸጉሩ ሲሸብት የቅርንጫፉ ዋና ገንዘብ ያዥ ሆነ። ካዝናው በሁለት ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ፣ አንዱ እሱ ዘንድ ነው። ታዲያ መሥሪያ ቤቱ አዲስ መመሪያ አወጣ። በኃላፊነት ቦታ ያለ ሁሉ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የባንክና የፋይናንስ አገልግሎት የሙያ ምስክር ወረቀት ካላመጣ ቦታውን ይለቃል ተባለ። በትርፍ ሰዓት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተምሮ የሚገኝ ነገር ነው። መመሪያው የተነበበላቸው ዕለት ቤት ገብቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል" አለኝ። "እኔን ግን ጠምጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው ተማር የሚሉኝ።"

እኔ ሳቅሁ። እሱ ሳይስቅ ቀረ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ያ ወንበር ለባሌ ደሞዝ ብቻ አይደለም። ጠዋት ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ዳብሶ ሲወጣ ትከሻው ሌላ ነው፣ እኔ የጃኬቱን ልክ የማውቅ ሰው ነኝ።

ልጃችን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሌላ ባንክ፣ ብድር ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ባንኩ ትንሽና አዲስ ነው፤ አባቷ "ያቺ ሱቃችሁ" ነው የሚለው። እሷም እድገት ፈልጋ ለዚያው ትምህርት ተመዘገበች። የቅዳሜውን ትምህርት የሚሰጠው ኮሌጅ ደግሞ በከተማው ያለው ያው አንድ ነው። አንድ ምሽት ራት ላይ ሁለቱም ተመዘገብኩ ሲሉ እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። አብረው ሄደው አብረው ሊመጡ፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ሊያበረታ! ባሌ ግን ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እንግዲያው ስሚ" አላት። "እዚያ ክፍል ውስጥ አንተዋወቅም።"

"እንዴት አባዬ?"

"በቃ እንዲያ ነው። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ፣ አንቺ ከኋላ። ሰላም ማለት ካለብሽ እንደማንም ሰው ጋሼ በይኝ።"

ልጄ እኔን አየች። እኔ እሱን አየሁ። እሱ የጨው ዕቃውን አየ።

"እሺ፣ ጋሼ" አለች። የቀለደች መስሎኝ ነበር፤ ግን ሳህኗን ሳትጨርስ ተነሳች።

መቼም በስሟ ይታወቃሉ የሚል ይኖራል። የባሌ ስም በየቤቱ ያለ ስም ነው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ እንኳ በሱ ስም የሚጠሩ ሌሎችም ነበሩ። አፍንጫቸውን ላየ ሰው ግን ስም አያስፈልገውም። እኔ እንደሆንኩ ያ ክፍል ሙሉ የባንክ ባለሙያ፣ የሐሰት ፊርማ ከርቀት እንለያለን የሚል ሁሉ፣ ያን አፍንጫ ሁለት ቦታ አይቶ እንዴት እንዳለፈው እስከዛሬ ይገርመኛል።

እንዲህ ሆነው ወራት አለፉ። እሱ የሚያጠናው እኔ አጠገብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እኔም የሰው ሱሪ እየቀደድኩ እየሰፋሁ ስለ ብድር ስጋትና ስለ ወለድ ስሌት የማላውቀው ነገር አልቀረም። ልጄ በሯን ዘግታ ታጠናለች። አንድ ነገር ሲያቅተው ይነሳና መጋረጃውን ያስተካክላል፣ ያስላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። አንዴ "ግባና ጠይቃት እንጂ፣ የሚለያችሁ አንድ ግድግዳ ነው" አልኩት። "ልጅቱ የራሷ ሥራ አላት" አለኝ። ወደሷ ሄጄ "አባትሽ ተቸግሯል" ስላት ደግሞ፣ "ሱቅ ውስጥ የምትሠራ ሰው ምን ታውቃለች ብሎ ነው የማይጠይቀኝ። አፍሮብኛል፣ እማዬ" አለችና ፊቷን አዞረች። የሷን ለሱ ብነግረው ገመናውን አደባባይ ያወጣሁበት ይመስለዋል፣ የሱን ለሷ የምነግራት ደግሞ አልነበረኝም፤ ምክንያቱን ለኔም አልነገረኝም። እና ዝም አልኩ። ዝም ስል ደግሞ እጄ ይከፋል፤ የአንድ ደንበኛዬን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ቆረጥኩት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የመጨረሻው ትምህርት የሙያ ሥነ ምግባር ነበር። አስተማሪዋ ዕድሜዋን ሙሉ ኦዲተር የነበረች፣ ተማሪዎቹ በሌለችበት "እትዬ ቁጥጥር" የሚሏት ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "በስተመጨረሻ እርስ በርስ ማርክ የምትሰጣጡበት ሥራ አለ። በዚህ ክፍል ውስጥ ዝምድና ያላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝ፤ በኋላ ብሰማ ግን አልምርም" ብላ ነበር። ባሌ ጣሪያውን አየ። ልጄ የባሌን ማጅራት አየች። 

ከዚያ ዕጣ ወጣ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጉዳይ አዘጋጅቶ በአዳራሽ ያቀርባል፣ ዕጣ የደረሰው ተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ግማሹን ማርክ ይሰጠዋል። ልጄ እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከተተች፣ ወረቀቱን ከፈተች። አባቷ!

ያን ቀን በየተራ ሲገቡ የሁለቱም ፊት የታመመ ሰው ፊት ነበር። ነገሩን ፈልቅቄ አወጣሁትና መቀሴን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩ።

"በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ አሉ። የናንተስ ምን ይባላል?"

"ሰኞ ደውዬ ለመምህሯ ልንገራት" አለች ልጄ።

"ዝም አይነቅዝም" አለ ባሌ።

"ይሄማ ነቀዘ!" አልኩ እኔ። "በሥነ ምግባር ትምህርት ዋሽቶ የሚያልፍ ሰው የት አለ? በሌላው ትምህርት እንኳ ቢሆን።"

"አሁን ብትናገር ሁለታችንም እንወድቃለን። እሷ ወጣት ናት፣ ነገ ትደግመዋለች። እኔ ከወደቅሁ ዓመቱ ያልቃል። ዓመቱ ካለቀ ቦታዬ የለም።" ድምፁ እንደ ክርክር አልነበረም፤ የለመነ ይመስል ነበር። ተናድጄ ሳለሁ አንጀቴን በላው።

ልጄ አጠገቡ መጥታ ቆመች። "እሺ ዝም አልኩ። ስንት ልስጥህ?"

"የሚገባኝን።"

"የሚገባህን አላውቅማ፣ አባዬ! ብዙ ብሰጥህ ስለምወድህ ይሆናል። ትንሽ ብሰጥህ ስለተቀየምኩህ ይሆናል። እኔ ራሴ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው የሚከለከለው።"

ባሌ ተነሳ። መጽሐፉን ይዞ ጓሮ ወጣ። ልጄ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔም ከሁለት በር መሀል ቆሜ ቀረሁ።

የማቅረቢያው ቀን ለቤተሰብና ለሥራ ባልደረባ ክፍት ነበር። ስለባብስ ባሌ አየኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"እናንተ ጋ።"

"ማን ናት ቢሉሽስ?"

"ማንንም የማላውቅ ሴትዮ ነኝ እላለሁ። ቤተሰቡ እንደሆነ ለምዶታል" አልኩት። ሦስታችንም በየፊናችን ሄድን።

አዳራሹ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ በላይ ያለ ነው፤ ከታች ብረት ሲቆረጥ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ ጥግ ተቀመጥኩ። እትዬ ቁጥጥር ከፊት፣ መነጽሯን በገመድ አንጠልጥላ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ሌሎች አቀረቡ፣ ተጨበጨበ። የባሌ ተራ ሲደርስ ወጣ። የለበሰውን ሱፍ እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ያን ዕለት ግን ሰፋበት። ያጠናው ስለ ካዝና አጠባበቅ ነበር፣ ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲያነበንበው ሰምቼዋለሁ፣ በቃሌ ልወጣለት እችል ነበር።

"ካዝና የሚከፈተው በሁለት ቁልፍ ነው" ብሎ ጀመረ። "ሁለቱን ቁልፍ ለባልና ሚስት አይሰጡም፣ ለአባትና ልጅም አይሰጡም። መዋደድ ወንጀል ሆኖ አይደለም። የሚዋደዱ ሰዎች አይጠያየቁም፣ ለዚያ ነው።"

እስከዚህ ድረስ የማውቀው ነው። ከዚህ በኋላ ስለ መቆጣጠሪያ መዝገብ ይቀጥላል። እሱ ግን ወረቀቱን አጠፈውና ኪሱ ከተተው። 

"አንድ የባንክ ሠራተኛ አለ" አለ። "በስተርጅና ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራል። ሴት ልጁም እዚያው ክፍል ትማራለች። መምህራቸው ዝምድና ያለው ይናገር ስትል ሰውዬው ዝም አለ። ልጅቷንም ዝም ያሰኛት እሱ ነው። ጥፋቱ የማን ነው ብዬ አልጠይቅም፤ የሱ ነው። ያቀረብኩት ጉዳይ ይሄ ነው። ገምጋሚዬ ጥያቄ ካላት ትጠይቀኝ።"

ነገሩ ገና የገባው ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ቁጥጥር ግን ቀይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ልጄ ከመሀል ረድፍ ተነሳች። ጥያቄዋን የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋች።

"ሰውዬው ልጅቷን ለምን የደበቃት ይመስልዎታል?" አለች።

"በኩራት።"

"የምን ኩራት? የምትሠራበትን ባንክ ሱቅ ይለው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። አፍሮባት ነው?"

ባሌ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር እሷን በደንብ እንደማያያት አውቃለሁ፤ ምናልባትም ለዚያ ነው ያወለቀው።

"አይደለም። ባንኳን ሱቅ ያለው እሱ ወዳለበት ባንክ ሳትመጣ ስለቀረች ነው። አጠገቡ እንድትሆን ፈልጎ ነበር። እንዲህ ነው ብሎ ከመናገር መስደብ ቀለለው።"

"ታዲያ ለምን ደበቃት?"

ከታች ብረት መቁረጥ ጀመሩ። እስኪያቆሙ ጠበቀ።

"ልጅቷ ትንሽ ሆና ከሥራ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀው ነበር። ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? ዓሣ ይተኛል ወይ? የነፋስ ቤቱ የት ነው? እሱ ሁሉንም ይመልስላታል። ግማሹን ከራሱ እየፈጠረ ነው፣ ከየት ያመጣዋል! እሷ ግን ታምነዋለች። በዚያ ዓይን ያየው ሰው ከሷ በፊትም የለም፣ ከሷ በኋላም የለም።"

ይሄን ሲል እኔ ሚስቱም እዚያው አለሁ። ቤት ስንገባ እንተሳሰባለን ብዬ ያዝኩለት።

"አሁን በልጆች መሀል ተቀምጦ ሲማር፣ መምህሯ ስትጠይቀው አፉ ሲያያዝ፣ እሷ ከኋላው ሆና እንድታየው አልፈለገም። ካልተዋወቁ የተሳሳተው አባቷ አይደለም፤ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ነው።"

ልጄ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። ከዚያ በኋላ ያነበበችው ነገር የለም።

"ጨረቃ የምትከተለን ስለምታውቀን ነው ብሏት ነበር" አለች። "እንዳልሆነ ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባች ጊዜ ነው ያወቀችው። ሁሉን እንደማያውቅ ድሮ ታውቃለች።"

"ታዲያ ለምን መጠየቅ አልተወችም?" አለ ባሌ። ጠያቂውና ተጠያቂው ተምታቱ፤ እትዬ ቁጥጥር ግን አላስቆመቻቸውም።

"መልሱን ፈልጋ አይደለም። እሱ ሲመልስላት ደስ ስለሚላት ነው።" ትንፋሿን ሳበች። "ጥያቄዬን ጨርሻለሁ፣ አባዬ።"

መጀመሪያ አንድ ሰው "ውይ!" አለ። ከዚያ አዳራሹ ሙሉ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያገላበጠ ማየት ጀመረ፤ አፍንጫው ያን ጊዜ ታያቸው። እኔ ማንንም የማላውቀዋ ሴትዮ መሀረቤን አጣሁትና በሻሼ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት፣ "ያውቋቸዋል እንዴ?" አለችኝ። "ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ባሌና ልጄ ናቸው" አልኳት፤ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እትዬ ቁጥጥር ተነሳች። ድምፅዋ ቁጡ አልነበረም፣ ግን አልለሰለሰም።

"ካስተማርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ገለጻ አልሰማሁም" አለች። "ማርክ ግን የለውም። በዘመድ የተገመገመ ሥራ አይያዝም። በመጀመሪያው ቀን ዝም ስላላችሁ ሁለታችሁም ይህን ትምህርት በሚቀጥለው ዙር ትደግማላችሁ። ለባንኮቻችሁ ስጽፍ ራሳቸው ተናገሩ ብዬ ነው የምጽፈው።"

"ይገባል" አለ ባሌ። ልጄም አንገቷን ነቀነቀች። ቤት የተመለስነው ሦስታችንም በአንድ ታክሲ ነው፣ እሷ መሀል ሆና። 

ዓመቱ አለቀ። ባሌ ቦታውን ለቀቀ። ቁልፉን የተረከበችው እሱ ራሱ ሥራ ያስተማራት ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት ሲወጣ እጁ ኪሱን ዳበሰና ባዶውን ይዞ ቀረ፤ አየሁት፣ እንዳላየ ሆንኩ። ማታ ሲመለስ እንዴት ዋልክ ስለው፣ "ገንዘብ ከፋይ ሆኜ መስኮት ላይ ተመለስኩ። የድሮ ደንበኞቼ እኔ ጋ ካልሆነ ብለው ሰልፉን አዛቡት" አለ። ፈገግ አለ። ግማሹ ፈገግታ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማምጣት ጊዜ እንደሚወስድ ገባኝና ትከሻውን አሸሁለት።

አዲሱ ዙር ከተጀመረ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት ስፌት ላይ ነበርኩ። ባሌ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሯል። ድንገት መጽሐፉን ይዞ ተነሳና የልጄን በር አንኳኳ። በገዛ ቤቱ፣ የገዛ ልጁን በር፣ እንደ እንግዳ!

"ልጄ" አላት፣ "ይቺ ነገር አልገባችኝም።"

የመኪናዬን መርገጫ ተውኩት። ከውስጥ ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ቀጥ ያለ፣ የማያመነታ፣ ምሳሌ በምሳሌ ላይ የሚደርብ። ባሌ "እህ… እህ… እንዲያ በይኝ!" ይላል። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ተቀመጠና የነገረችውን አንድ በአንድ መጻፍ ያዘ።

ጥቂት ቆይቶ ቡና ላፈላ ወጥ ቤት ስገባ ልጄ ተከትላ ተጠጋችኝ። ጆሮዋ ቀልቷል።

"እማዬ፣ ቀስ በይ እንዳይሰማ። እኔም አላውቀውም ነበር።"

"ምን? ታዲያ ያን ሁሉ ምኑን ነው ያብራራሽው?"

"ከራሴ ነው። አሁን ገብቼ አነብና ራት ላይ አስተካክልለታለሁ።"

"አላውቅም አትይውም ነበር?"

ልጄ በበሩ ክፍተት አባቷን አየችው።

"እንዴት ልበለው፣ እማዬ? እንዴት አድርጎ እንዳየኝ ብታዪ።"